ጋቢና የተቀመጥኩበት ክረምት

ነሐሴ 14 ቀን 1965 ዓ.ም.፣ ሰኞ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ ነበር። ሰዓቱን በትክክል የማውቀው የአባቴ የእጅ ሰዓት ያን ጊዜ በእኔ ክንድ ላይ ታስሮ ስለነበረ ነው። ማሰሪያው ለሰባት ዓመት ልጅ ስለሚሰፋ በምስማር ሦስት ቀዳዳ ጨምሮልኝ ነበር። ሰዓት ማንበብ ያስተማረኝ በዚያው ክረምት ነው። ከዚያ ወዲህ እሱ ራሱ አይቶ አያውቅም። "ኢፍቱ፣ ስንት ሆነ?" ይለኛል። እኔም ክንዴን አንስቼ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ እንደ ሬዲዮ ዜና አንባቢ እነግረዋለሁ። ትልቅ ሰው በመሆኔ የተሰጠኝ ሹመት ይመስለኝ ነበር።

በዚያ ሰዓት ከኢተያ ታጥፈን ወደ ኦጎልቾ በሚወርደው መንገድ ላይ ነበርን፤ መንገድ ከተባለ። አክስቴ ሰኪና ወልዳ ልንጠይቃት ነው። አባቴ መሪውን ይዟል። እኔ ከጎኑ ጋቢና ተቀምጫለሁ። እናቴ ታናሽ ወንድሜን ጉቱን ታቅፋ ከኋላ አግዳሚው ላይ ናት፤ እግሯ ሥር ለአራሷ የምንወስደው ቅቤና እግሩ የታሰረ በግ አለ። በጉ በየጉድጓዱ ይጮኻል፣ ጉቱ በበጉ ይስቃል፣ እናቴ በሁለቱም ትበሳጫለች።

መኪናችን ላንድሮቨር ነበረች። አረንጓዴ፣ ሸራ ለባሽ፣ ትርፍ ጎማዋን ኮፈኗ ላይ የተሸከመች። ከኋላ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት አግዳሚዎች ነበሯት፤ ጉድጓድ ውስጥ ስትገባ በዚህኛው የተቀመጠ ሰው በዚያኛው ሰው ጉልበት ላይ ይገኛል። አባቴ ሀሰኖ በጨረታ የገዛት እኔ ሳልወለድ ነው። ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ የሰው እህል ትጭናለች። ዓርብ መስጊድ ደጃፍ ትቆማለች። ከዚያ በተረፈው ቀን የቤተሰብ መኪና ናት። ጎረቤታችን ሁሴኖ ጎሚስታው ጎማ እየለጠፈ "ይቺ መኪና አይደለችም፣ ዘመድ ናት" ይል ነበር። "ሙሽራ ታመጣለች፣ ምጥ የያዛትን ትወስዳለች፣ ሬሳ ትመልሳለች። የቀራት ማልቀስ ብቻ ነው።" በከተማው ሌላ ሀሰኖ ስለነበረ ሰው አባቴን የሚጠራው "ሀሰኖ ላንድሮቨር" ብሎ ነው። እኔም ትምህርት ቤት ስሜን ስጠየቅ ኢፍቱ ሀሰኖ ላንድሮቨር ብዬ መምህር አስናቀን አስቄአለሁ።

እናቴ ዙቤዳ፣ አዮ ነበር የምንላት፣ መኪናዋን አትወዳትም። የመምህር አስናቀ ቮልስ ባለፈ ቁጥር "ቤተሰብ የሚሄደው በእንደዚያ ያለው ነው" ትላለች። "በር ከፍተው በክብር ይገባሉ። እኛ እንደ ድንች ከኋላ እንወረወራለን።"

"ያ ድስት ጭቃ ውስጥ ሲሰምጥ ጎትታ የምታወጣው ማን ናት?" ይላታል አባቴ።

እውነቱን ነበር። በዚያ ክረምት ብቻ አራት ጊዜ በገመድ ጎትተነዋል።

ትልቁ ጠብ ግን የጋቢናው ነገር ነበር። በእኛ ዘንድ ጋቢና የሽማግሌ ወንበር ነው። ሽማግሌ ከሌለ የእናት ነው። ልጅ ከኋላ ከጆንያው ጋር ነው ቦታው። አባቴ ግን ከግንቦት ጀምሮ ከእኔ በቀር ማንንም ጋቢና አላስቀምጥም አለ። አንድ ቀን አባ ከዲሮ፣ ከአሰላ እስከ ኦጎልቾ ሰው ሲጣላ የሚጠሩት ሽማግሌ፣ አንድ እግራቸውን ጋቢና አስገብተው ሳለ "አባ ከዲሮ፣ እርስዎ ከኋላ ቢሆኑ ይሻልዎታል፣ እዚህ የሞተሩ ሙቀት ያስቸግራል" አላቸው። አባ ከዲሮ እኔን አዩ፣ እሱን አዩ፣ ዞረው ከኋላ ተሳፈሩ። ቤት ስንገባ አዮ ነጠላዋን ሳታወልቅ ጀመረችው። ሽማግሌ ያዋረድከው ለሰባት ዓመት ልጅ ብለህ ነው ወይ፣ ምን ነክቶሃል፣ ሰው ምን ይለናል አለችው። አባቴ ሳቀ። እኔ ጥግ ቁጭ ብዬ ልቤ በደስታ አብጦ ነበር። አባቴ ከአባ ከዲሮም፣ ከአዮም አብልጦ ይወደኛል ማለት ነው።

ጋቢና የምንጫወተው ጨዋታ ነበረን። ስሙ "ማን ቀድሞ ያያል" ነው። መንገድ ላይ ያለውን ማንኛውንም ነገር ቀድሞ ያየ ጮክ ብሎ ስሙንና ጎኑን ይናገራል። "ላም፣ በቀኝ!" "ጋሪ፣ በግራ፣ ሊሻገር ነው!" ጎኑን የረሳ አይቆጠርለትም። ቀኝና ግራዬን የለየሁት በዚህ ነው። አሥር ጊዜ ላሸነፈ አንድ ከረሜላ አለ፤ ከረሜላው ሁሉ የእኔ ነበር። አባቴ የሚያሸንፈው አልፎ አልፎ ነው። የሚገርመው፣ ከሩቅ ፊት ለፊት የሚመጣውን አውቶቡስ አንዳንዴ ከእኔ ቀድሞ ያያል። ቀኝ ጎማችን አጠገብ የቆመችውን አህያ ግን አያያትም። "አቤት ዓይን! የጭልፊት ልጅ!" ይለኛል። ሳሸንፈው ደስ የሚለው ስለሚወደኝ ነው ብዬ አስብ ነበር።

አባቴ እየታወረ ነበር። በሽታው ዓይንን ከዳር ዳር ነው የሚበላው። መጀመሪያ ቀኝና ግራው ይጠፋል፤ ፊት ለፊት ያለው እንደ ቀለበት እየጠበበ ጥቂት ይቆያል። ይህን አስረድታ የነገረችኝ ሲስተር ወይንሸት ናት፣ ባለፈው ጥር ለተዕዚያው፣ ለአባቴ ለቅሶ፣ ስትመጣ። ሰባ ዓመቷን አልፋለች፣ ደረጃችንን በእኔ ትከሻ ተደግፋ ነው የወጣችው። በልጅነቴ ከደብረ ብርሃን ተመድባ የመጣች ነርስ ነበረች፣ ግቢያችን ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትኖር። በዚያ ክረምት አባቴና እሷ ብቻ የሚያውቁት ምስጢር ነበራቸው። እኔም ሰምቼዋለሁ። የሰማሁት ግን ሌላ ነገር ነው።

ነሐሴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ዓርብ፣ ከኢተያ ስንመለስ ሠላሳ አንድ ለሁለት አሸነፍኩት። እንደዚያ አሸንፌው አላውቅም። ከሰዓት በኋላ የረሳሁትን ከረሜላ ላመጣ ወደ መኪናዋ ሄድኩ። ሸራው ወርዷል። ውስጡ ድምፅ አለ። በሸራው ቀዳዳ አየሁ። አባቴ አግዳሚው ላይ ተንጋሎ፣ ሲስተር ወይንሸት ከላዩ ጎንበስ ብላ ግንባሩን ይዛዋለች። ቀና ሲል በሁለቱም ጉንጮቹ ላይ እንባ ይወርድ ነበር። እሷ ጠብታ እያደረገችለት ነበር። እኔ ያየሁት እንባውን ብቻ ነው። ትልቅ ወንድ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር።

"ለዙቤዳ ይንገሯት" አለችው።

"ይሄ ክረምት ይለፍ።"

"ክረምቱማ ያልፋል። እርስዎ ሰው ጭነው ነው የሚሄዱት።"

"ዓይን አለኝ" አላት አባቴ። "ጋቢና ተቀምጣ የምትጠራልኝ። የእሷ ከኔም ካንቺም ይበልጣል።" ጉንጮቹን በእጅጌው ጠርጎ "መኪናዋ ከተሸጠች እኔ ማን ነኝ፣ ሲስተር? ስሜ እንኳ የሷ ነው" አለ።

ከዚህ ሁሉ እኔ የተረዳሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አባቴ እንዳለቀሰ። ያለቀሰውም ሠላሳ አንድ ለሁለት በተሸነፈበት ቀን ነው። ከረሜላውን ሳልወስድ ተመለስኩ። ስለ ዓይን ያወሩት የእኔን ዓይን ማመስገናቸው መስሎኝ ይበልጥ አፈርኩ። በሚቀጥለው መንገድ አንድ ትልቅ ነገር እንዲያሸንፈኝ እተውለታለሁ ብዬ ወሰንኩ። ላም አይደለም፣ አህያ አይደለም። ትልቅ ነገር።

ሰኞ ከኢተያ ወዲያ ያ ነገር መጣ።

ጉሙ ሳስቷል። መንገዱ ወደ ግራ ይታጠፋል። በስተቀኝ ከስንዴው ማሳ መሃል ሴቶች ሲወጡ አየሁ። አሥራ አንድ ናቸው፤ ለመቁጠር ጊዜ ነበረኝ። አንዷ ከሌላዋ ኋላ ተሰልፈው፣ ሲንቄያቸውን ይዘው። ሲንቄ እናት ልጇን ስትድር የምትሰጣት ቀጥ ያለች ቀጭን በትር ናት። ሴት ስትበደል ያካባቢው ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ፣ በዳዩ ደጃፍ ሄደው ፍርድ ይጠይቃሉ። እነሱ ሲያልፉ መንገዳቸውን የሚያቋርጥ የለም። ፈረሰኛ ይወርዳል። የሚጣሉ ሁለት ወንዶች እንኳ ይላቀቃሉ። ሹፌርም ቢሆን አቁሞ፣ ወርዶ፣ ሣር ነጭቶ ይዞ ይቆማል። አባቴ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ሲያደርገው አይቻለሁ።

"ሴቶች፣ በቀኝ!" ልል አፌ ተከፈተ። ዘጋሁት። ከንፈሬን በጥርሴ ይዤ ወደ አባቴ ዞርኩ። ፈገግ ብሎ ያንጎራጉራል።

"ስንት ሆነ፣ ኢፍቱ?"

"ሁለት ሰዓት ከሩብ።"

አሁን ያያቸዋል፣ አሁን ይጠራል እያልኩ የማየው የእሱን ፊት እንጂ መንገዱን አልነበረም። የመጀመሪያዋ ሴት ከመንገዱ ቀኝ ጠርዝ ሁለት እርምጃ ገብታ ቆማለች። የሚያልፋት ይኖራል ብላ አላሰበችም። ለምን ታስባለች? በዕድሜዋ ያየችው ሁሉ ለዚያች በትር ቆሟል።

ከኋላ አዮ ጮኸች። መሪው ዞረ። ሴትየዋ ወደ ቦዩ ወደቀች፣ ከጎማችን ሥር አንድ ቀጭን ነገር ቀጭ አለ። ጭራሮ ሲሰበር እንደሚሰማው ያለች ትንሽ ድምፅ ናት። ላንድሮቨሯ ተንሸራታ ቆመች። በጉ እንኳ ዝም አለ።

"ምን ነበር?" አለኝ አባቴ፣ በጣም በቀስታ።

"ሴቶች። ሲንቄ የያዙ።"

"አላየሻቸውም?"

"አይቻቸዋለሁ።"

"ለምን አልጠራሽልኝም?"

"እንድታሸንፍ" አልኩት።

እጁን ራሴ ላይ አደረገ። ረጅም ጊዜ እዚያው አቆየው። ከዚያ "ለማንም እንዳትነግሪ። አባትሽ አይቷቸዋል" አለኝና ወረደ። ሣር ነጭቶ ተንበረከከ። ሴቶቹ አልሰደቡትም፣ አልጮኹበትም። የወደቀችውን፣ አዴ ፋጡን፣ አነሷት። ክንዷ ተጎድቷል። እሷ ግን ክንዷን አይደለም የምታየው፤ ጭቃው ላይ ለሁለት የተሰበረችውን በትር ነው። እናቷ ከሰጠቻት አርባ ዓመት ሆኗታል ሲሉ ሰማሁ። ቅዳሜ ተገኝ አሉት።

በዚያ ሳምንት ቤታችን ውስጥ የማይገባኝ ነገር ብቻ ነበር። አባቴ አይቻለሁ ብሏል። ካየ አሸንፏል፤ ካሸነፈ ለምን አልጠራም? ካልጠራ ደግሞ አላየም፤ ካላየ ለምን አየሁ ይላል? ከረሜላ ሰጥቼው እምቢ አለ። አዮ ከበሩ ጀርባ የተሰቀለችውን የራሷን ሲንቄ አወረደች፣ በጨርቅ ወልውላ ግድግዳው ላይ አስደገፈቻት።

ቅዳሜ እዚያው ቦታ፣ ከመንገዱ ዳር ባለ ግጦሽ ላይ ተሰበሰብን። አባቴ ነው የነዳው። በዚያ ቀን አንዲት ነገር አላመለጠችኝም፤ ድንጋይ እንኳ ጠርቻለሁ። ስንደርስ ሴቶቹ በአንድ ወገን ተቀምጠዋል፣ ወንዶቹ በሌላው። አዮ ጉቱን ለአንዲት ዘመድ ሰጥታ፣ ሲንቄዋን ይዛ ሄዳ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጠች። ከአባቴ ፊት ለፊት። እኔ የት እንደምቀመጥ ጠፋኝና መሃል ላይ ቀረሁ።

ዳኛው አባ ከዲሮ ነበሩ። ስለ ጋቢናው ቂም ይዘውበታል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ግን ንግግራቸው ለስላሳ ነው። ነገሩን ከመጀመሪያው አንስተው ተረኩ። የተበደለችውን ሴት፣ የሴቶቹን አወጣጥ፣ የመኪናዋን አመጣጥ። ከዚያ ወደ አባቴ ዞሩ።

"ሀሰኖ፣ ጉም ነበር። ጉም ውስጥ ሰው ላያይ ይችላል። ያላየ አላጠፋም። አላየሁም ካልክ እነዚህ እናቶች ይሰሙሃል። ምን ትላለህ?"

በር እየከፈቱለት እንደሆነ ለእኔ እንኳ ገብቶኛል።

"አይቻለሁ" አለ አባቴ።

"አይተህ አለፍክ?"

"ቸኩዬ ነበር።"

ከሴቶቹ ወገን ማጉረምረም ተነሳ። አዮ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። አባ ከዲሮ ራሳቸውን ነቀነቁና እንግዲህ ጊደር ያመጣል፣ በጉባኤ ፊት ይቅርታ ይጠይቃል አሉ። አባቴ ትከሻው ወረደ፤ እፎይ ያለ ሰው ይመስላል። ያ ነው ያላስቻለኝ። አሸንፎ ከሆነ ይንገሩት፣ ካላሸነፈ አይቅጡት።

"አባቴ አላየም" ብዬ ተነሳሁ። "ካየ ይጠራል። ሕጉ እንደሱ ነው።"

ጥቂት ወንዶች ሳቁ። አባቴ "ኢፍቱ፣ ተቀመጪ" አለ። አዴ ፋጡ ግን በደህና እጇ ጠራችኝ።

"ነዪ እስቲ፣ ልጄ። የምን ሕግ ነው?"

ነገርኳት። ላም በቀኝ፣ ጋሪ በግራ። ሠላሳ አንድ ለሁለት። ከረሜላው። አውቶቡሱን የሚያየው፣ አህያዋን የማያያት። ሰዓቱንም አሳየኋት። መኪናዋ ውስጥ ማልቀሱን፣ እሱ እንዲያሸንፍ ብዬ ዝም ማለቴን። ስናገር የሚስቁት አንድ በአንድ ዝም አሉ። ጥሩ ነገር እየተናገርኩ መስሎኝ ቀጠልኩ።

አዴ ፋጡ ተነሳች። የተሰበረችውን ሲንቄዋን መሬት ላይ ትታ ሄዳ፣ ከአባቴ ቀኝ ጎን፣ አንድ ክንድ ያህል ርቃ ቆመች። ባዶ እጇን ከጆሮው ትይዩ አነሳች። አባቴ ቀጥ ብሎ አባ ከዲሮን ያያል።

"ሀሰኖ፣ በእጄ ምን ይዣለሁ?"

አልዞረም።

"ሲንቄዎን" አለ።

አዴ ፋጡ እጇን አወረደች።

"እኛን የበደለ ሰው እዚህ የለም" አለች ለአባ ከዲሮ። "ጊደርም አንቀበል።"

ያኔ አባቴ ልመና ጀመረ። "አዴ ፋጡ፣ ይውሰዱ። እባክዎ። አጥፍቻለሁ። ሁለት ልስጥ።" ሰው እንዳይቀጡት ሲለምን አይቻለሁ፤ እንዲቀጡት ሲለምን ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ሁሉም ይቅር ብለውት ሳለ እንደተፈረደበት ሰው ያለቅሳል። ለአዋቂዎቹ የገባቸው ለእኔ አልገባኝም። ሴቶቹ ጊደሯን ቢቀበሉ ኖሮ ያየ ሰው ሆኖ፣ መኪናዋን አስነስቶ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር።

አዮ ከሴቶቹ መሃል ተነሳች። ሲንቄዋን እንደያዘች ሜዳውን አቋርጣ መጣች፣ ኪሱ ውስጥ እጇን አስገብታ ቁልፉን አወጣች፣ ለአባ ከዲሮ ሰጠች። ከዚያ የአባቴን ክርን ያዘች። አባ ከዲሮ ቁልፉን በመዳፋቸው ይዘው ቆዩና "ለዚህ ነበር ለካ" አሉ፣ እኔን እያዩ።

ላንድሮቨሯ ግጦሹ ላይ ቀረች። እኛ እስከ ኢተያ በእግራችን ሄድን፤ ጉቱ አዮ ጀርባ ላይ፣ እኔ ከአባቴ በስተግራ። ጭቃው ጫማዬን ሁለት ጊዜ አወለቀው። እኔ በነገርኳቸው ነገር ሁሉም ለምን እንዳዘኑ ልጠይቀው ፈልጌ እንዴት እንደሚጠየቅ አላወቅሁም።

"ድንጋይ፣ በግራ" አልኩት።

"አየሁት" አለ።

አላየውም ነበር። እጁን ስቤ አሳለፍኩት።

መኪናዋን ከሦስት ቀን በኋላ አንድ ሹፌር ሄዶ አመጣት። መስከረም ላይ የኦጎልቾ እህል ነጋዴ ገዛት። አባቴ ከዚያ በኋላ አርባ ሦስት ዓመት ኖረ፣ ባለፈው ጥር ሞተ። የሰው መኪና በተሳፈረ ቁጥር ከኋላ ነበር የሚቀመጠው።